ማርጋሬት ፓስተንና የፓስተን ቤት የዘር ሐረግ

በእንግሊዝ አገር በስተምሥራቅ፣ በሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ ኖርፎክ የሚባል አውራጃ አለ። በዚህ አውራጃ ፓስተን ከምትባል ትንሽ መንደር የወጣ አንድ ቤተ ሰብ በ15ኛው መቶ ዓመት እርስ በርሱ የተጻጻፈው ደብዳቤ ሳይጠፋ ለዘመናችን ደርሷል። ከደብዳቤዎቹም መካከል ከመቶ የሚበልጡት የአንዲት ሴት ናቸው፤ ስሟም ማርጋሬት ፓስተን ይባላል። የምጽፈው የእርሷን ታሪክ ነው። ነገር ግን የእርሷን ታሪክ ከባሏ ቤት የዘር ሐረግ ለይቶ መጻፍ አይቻልም፤ በቤቷ ላይ ከመጣው መከራ ከባዱ የፓስተን ወገን ጨዋ ነው ወይስ ገባር የሚለው ጥያቄ ነበረና። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ማርጋሬት የጆን ሞትቢ ልጅ ነበረች። የሞትቢ ወገን በኖርፎክ የቆየ ባላባት ሲሆን፣ እናቷም የሪድም ባላባት የነበረው የጆን በርኒ ልጅ ናት። አባቷ በ1433 ዓ.ም. ሲሞት የርስቱ ወራሽ እርሷ ሆነች። በዚያ ዘመን ርስት ላላት ልጃገረድ ባል የሚመርጡላት ዘመዶቿ ነበሩ። ለማርጋሬት የታሰበላት ጆን ፓስተን በ1421 ዓ.ም. የተወለደ፣ በካምብሪጅ የተማረና ሕግ ያጠና ወጣት ነበረ። ሁለቱ የተያዩት በ1440 ዓ.ም. ገደማ ነው። የጆን እናት አግነስ በዚያን ጊዜ ለባሏ በላከችው ደብዳቤ ልጅቱ ጆንን በመልካም ፊት እንደ ተቀበለችው አስታውቃ፣ ለሙሽራይቱ የሚሆን ቀሚስ እንዲገዛ አሳስባዋለች። ጋብቻውም ሳይዘገይ ተፈጸመ።

የጆን አባት ዊልያም ፓስተን በ1378 ዓ.ም. የተወለደ የታወቀ የሕግ ሰው ነበረ፤ በ1429 ዓ.ም. ከንጉሡ ታላላቅ ዳኞች አንዱ ሆኖ ተሾመ። በደመወዙና በሚስቱ ርስት ላይ ብዙ መሬት ገዝቶ ጨመረበት። በ1444 ዓ.ም. ሲሞት ልጆቹ በአውራጃው ከሚፈሩት ባለርስቶች ተራ ይቈጠሩ ነበር። ታዲያ ከዊልያም በፊት የነበረው ማን ነው? እዚህ ላይ ሐረጉ ይጨልማል።

የዊልያም አባት ክሌመንት ይባል ነበር፤ የሞተውም በ1419 ዓ.ም. ነው። የፓስተኖች ጠላት የሆነ ሰው ስለ እርሱ አንድ ወረቀት ጽፎ ነበር። እንደዚያ ወረቀት አባባል ክሌመንት በመንደሩ ሞፈር ይዞ የሚያርስ ተራ ገበሬ ነበረ። የነበረው መሬት ቢበዛ ከመቶ እስከ መቶ ሃያ ኤከር የሚደርስ ሲሆን ከፊሉም የገባር መሬት ነበር፤ ከዚህ በቀር አንዲት ደካማ የውሃ ወፍጮ ነበረችው። እህሉን በፈረስ ጀርባ ጭኖ ያለ ኮርቻ ተቀምጦበት ወደ ወፍጮ ይሄዳል፤ ዱቄቱንም እንዲሁ አድርጎ ይመለሳል፤ የተረፈውን በጋሪ ወደ ዊንተርተን ወስዶ ይሸጣል። ሚስቱ ቢያትሪስ ከገባር ወገን ናት። ይሁን እንጂ ወንድሟ ጄፍሪ ሶመርተን ነገረ ፈጅ ነበረ። ክሌመንት ገንዘብ እየተበደረ ልጁን ትምህርት ቤት አስገባው፤ አጎቱ ጄፍሪም ሕግ እንዲማር ረዳው። ጠላት ለስድብ ብሎ የጻፈውን ይህን ወረቀት እኔ ሳነበው ስድብ ሆኖ አልታየኝም፤ ተበድሮ ልጁን ያስተማረ ገበሬ በየትኛውም አገር የሚያኮራ አባት ነው። በዚያ ዘመን ግን እንዲህ አይታሰብም ነበር። በእንግሊዝ ሕግ ገባር የተባለው ሰው ጌታው ሳይፈቅድለት ከመሬቱ አይለቅም፤ ያፈራው ሀብትም በሕግ የጌታው ነው። ስለዚህ የክሌመንት ዘር ገባር መሆኑ ቢረጋገጥ የልጅ ልጆቹ ርስት ሁሉ ሊወሰድ ይችላል ማለት ነው። ትውልድ ቈጥሮ ርስት መያዝና ርስት ማጣት ምን እንደ ሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ ማርጋሬት እንመለስ። ባሏ ለሙግት ሲል አብዛኛውን ጊዜ በለንደን ይቀመጥ ነበርና ርስቱን የምታስተዳድር፣ ግብር የምትሰበስብ፣ ከምስለኔዎችና ከጭሰኞች ጋር የምትከራከር እርሷ ነበረች። ደብዳቤዎቿ የተጻፉት በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ ነው፤ እርሷ ቃሉን ትናገራለች፣ ጸሐፊው ይጽፋል። ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች ነፍሰ ጡር መሆኗን ለባሏ ስታስታውቅ መቀነቶቿ ሁሉ እንደ ጠበቧት በቀልድ ነገረችው። በ1443 ዓ.ም. ባሏ በለንደን በታመመ ጊዜ እናቷ የእርሱን ክብደት የሚያህል የሰም ምስል ለዎልሲንግሃም እመቤታችን ተሳለች፤ ማርጋሬትም እስከዚያ ቦታ ድረስ ሄዳ ለመሳለም ተሳለች።

የመጀመሪያው ትልቅ መከራ የመጣው በግሬሻም ርስት ምክንያት ነው። ዳኛው ዊልያም ገዝቶት የነበረውን ይህን ርስት ሎርድ ሞሊንስ ከዘመዶቼ የወረደ ነው በማለት በ1448 ዓ.ም. በጉልበት ያዘው። ማርጋሬት በዚያው መንደር ሌላ ቤት ውስጥ ተቀምጣ አለቅም አለች። በዚህ ጊዜ ለባሏ የላከችው ደብዳቤ በጣም የታወቀ ነው፤ ለውጊያ የሚሆን በመዘውር የሚሳብ ቀስትና ፍላጻ እንዲልክላት ከጠየቀች በኋላ፣ በዚያው ወረቀት ላይ ለውዝና ስኳር፣ ለልጆቹም የልብስ ጨርቅ እንዲገዛ አዘዘችው። ቤቱ ሊከበብ ነው፤ ልጆቹ ግን መልበስ አለባቸው።

በጥር ወር 1450 ዓ.ም. የሎርዱ ሰዎች መጡ። ጆን በኋላ ባቀረበው አቤቱታ ቍጥራቸውን አንድ ሺህ ያደርሰዋል፤ ሳያበዛው አልቀረም። ከማርጋሬት ጋር በቤቱ የነበሩት አሥራ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የመጡት ሰዎች እርሷ የነበረችበትን ክፍል ግድግዳ ከሥር ቈፍረው እርሷን ተሸክመው አወጡና ቤቱን ዘረፉ። ፓስተኖች ርስቱን ያስመለሱት ቈይተው ነው።

ሁለተኛው መከራ ከመጀመሪያው የከፋ ሆነ። ሰር ጆን ፋስቶልፍ የተባለ በፈረንሳይ ጦርነት የበለጸገ ባለጠጋ በኬስተር ታላቅ ግንብ አሠርቶ ይኖር ነበር፤ ልጅ አልነበረውም። በኅዳር ወር 1459 ዓ.ም. ሲሞት፣ በመጨረሻ ቀኖቹ በቃሉ ተናዞ ርስቱን ለአማካሪው ለጆን ፓስተን እንደ ሰጠ ተነገረ። የኑዛዜው ሌሎች አስፈጻሚዎች ግን ሐሰት ነው ብለው ተነሡ። ከዚያ በኋላ የሳፎክ መስፍንና የኖርፎክ መስፍን እያንዳንዳቸው የርስቱን ድርሻ ይፈልጉ ጀመር። ጆን በ1461 ዓ.ም.፣ በ1464 ዓ.ም. እና በ1465 ዓ.ም. ፍሊት በሚባለው በለንደን ወኅኒ ቤት ታሰረ። በ1465 ዓ.ም. ማርጋሬት ለንደን ድረስ ሄዳ በእስር ቤት ጠየቀችው። ወደ አገሯ በተመለሰች ጊዜ፣ በጥቅምት ወር፣ የሳፎክ መስፍን ሰዎች የሄልስደንን ቤት አፈረሱት፤ ቤተ ክርስቲያኑንም ሳይቀር በመሠዊያው ላይ ቆመው በረበሩት። እርሷም ፍርስራሹን በዓይኗ አይታ ያየችውን ለባሏ ጻፈች።

ጆን በእስር ሳለ ጠላቶቹ የክሌመንትን ጉዳይ አንሥተው ነበር። የፓስተን ዘር የንጉሡ ገባር ነው፤ ስለዚህ ሀብቱ ሊወሰድ ይገባል ተባለ። ሰይፍ ያልፈጸመውን የዘር ሐረግ ሊፈጽመው ተቃረበ። ጆንም ይህ ነገር ሳይቈረጥ በግንቦት ወር 1466 ዓ.ም. በለንደን ሞተ፤ ገና የ44 ዓመት ሰው ነበረ። ሬሳው ወደ ኖርፎክ ተወስዶ በብሮምሆልም ገዳም በታላቅ ክብር ተቀበረ። ለቀብሩ የወጣው ወጪ ተመዝግቦ ይገኛል፤ የችቦው ጢስ እንዲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ መስኮት ሁለት መስተዋት ላወጣ ሠራተኛ የተከፈለው ገንዘብ እንኳ ሳይቀር ተጽፏል። እንዲህ ያለ ቀብር ለሟቹ ክብር ብቻ ሳይሆን ለኗሪዎቹም ምስክርነት ነበረ፤ ገባር እንዲህ አይቀበርምና።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በሐምሌ 1466 ዓ.ም.፣ የማርጋሬት የበኵር ልጅ ሰር ጆንና አጎቶቹ ዊልያምና ክሌመንት ማስረጃቸውን ይዘው ወደ ንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ ቀረቡ። ያቀረቡት ብዙ ነው። በፓስተን መንደር የራሳቸው ችሎትና የራሳቸው ገባሮች እንደ ነበሯቸው የሚያሳይ የችሎት መዝገብ፣ ማኅተም ያለበት የርስት ውል፣ ከታላላቅ ቤቶች ጋር የተደረገ የጋብቻ ወረቀት፣ በቤታቸው ቄስ አስገብተው እንዲያስቀድሱ የተሰጠ ፈቃድ አሳዩ። የቤቱ መጀመሪያ ዉልስታን የሚባል ሰው ነው፤ እንግሊዝን ኖርማኖች በ1066 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይ የመጣ ነው ተባለ። ንጉሡም መረመረና ፓስተኖች ከጥንት ጀምሮ ጨዋዎች ናቸው ብሎ በጽሑፍ አወጀ።

ነገሩን ረጋ ብሎ የሚመለከት ሰው ግን መጠየቁ አይቀርም። ዉልስታን የጥንት እንግሊዞች ስም እንጂ የፈረንሳዮች ስም አይደለም። ደግሞም ፓስተን የሚለው ስም ከመንደሩ የተወሰደ ነው፤ በጥንት ዘመን ከዚያች መንደር የወጣ ማንም ሰው፣ ባላባትም ይሁን ገበሬ፣ በዚያ ስም ሊጠራ ይችል ነበር። ስለዚህ አንድ ፓስተን በ1200 ዓ.ም. ርስት ነበረው ማለትና ያ ሰው የክሌመንት ቅድመ አያት ነው ማለት ፈጽሞ የተለያየ ነው። የዚያን ዘመን ሐረግ የሚፈልጉ ሊቃውንት ስሙን ብቻ ይዘው አይሄዱም። ከንጉሡ መሬት የያዘ ሰው ሲሞት ሹማምንት የአገሩን ሰዎች አስምለው መሬቱ ምን እንደ ሆነ፣ ወራሹ ማን እንደ ሆነና ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ ይጠይቁ ነበር፤ ይህ መዝገብ አባትን ከልጅ ጋር ስለሚያያይዝ ከሁሉ ይታመናል። ኑዛዜና የጋብቻ ውልም እንዲሁ ይረዳል። በፓስተኖች ሐረግ ላይ ግን ከክሌመንት ወደ ላይ እንዲህ ያለው ማያያዣ ይጐድላል።

የማርጋሬት የመበለትነት ዘመን ዕረፍት አልነበረበትም። ሰር ጆን በለንደን የሚቀመጥ፣ መጽሐፍና የፈረስ ግልቢያ ጨዋታ የሚወድ፣ ገንዘብ የማይበረክትለት ሰው ነበረ። ለአባቱ የመቃብር ሐውልት እንኳ ሳያሠራ ብዙ ዓመት ስላለፈ እናቱ በደብዳቤ ደጋግማ ወቀሰችው። በ1469 ዓ.ም. የኖርፎክ መስፍን ኬስተርን በብዙ ሺህ ጦር ከበበ፤ ታናሹ ልጅ፣ እርሱም ጆን ይባላል፣ ሠላሳ በማይሞሉ ሰዎች አምስት ሳምንት ያህል ተከላከለ። ማርጋሬት ለበኵር ልጇ ወንድምህ በረኃብና በጥይት ሊያልቅ ነው፣ አንተ ምን ትሠራለህ የሚል መንፈስ ያለው ብርቱ ደብዳቤ ሰደደችለት። በመስከረም ወር ግንቡ እጁን ሰጠ።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወር፣ ሌላ ነገር ቤቱን አናወጠው። የማርጋሬት ልጅ ማርጀሪ የቤቱን ምስለኔ ሪቻርድ ካልን በስውር አግብታ ተገኘች። ሪቻርድ ታማኝና ብልህ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ዘመዶቹ ሱቅ ነጋዴዎች ነበሩ። ወንድሟ እኅቴ ሻማና ሰናፍጭ ስትሸጥ ማየት አልወድም የሚል ነገር ጻፈ። ንጉሡ ጨዋዎች ናችሁ ብሎ ከማወጁ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። የኖሪች ጳጳስ ማርጀሪን አስጠርቶ ዘሯንና ዘመዶቿን እያስታወሰ መረመራት። እርሷ ግን ለሪቻርድ የሰጠችውን ቃል በግልጽ ተናገረች፤ ያ ቃል ካልጸናም አሁን አጸናዋለሁ ብላ መለሰች። ጳጳሱም ጋብቻውን ሊያፈርሰው አልቻለም። ማርጋሬት ለአገልጋዮቿ በሩን እንዳይከፍቱላት አዘዘች።

እዚህ ላይ ከማርጋሬት ጋር መስማማት አልችልም። በግሬሻም ግድግዳው እየተቈፈረባት ያልሸሸች ሴት የራሷን ልጅ ከበር መለሰች። ነገር ግን አሠራሯ ከየት እንደ መጣ ይገባኛል፤ የክሌመንት ወረቀት ከተረሳ ገና ብዙ አልቈየም ነበር። የሚገርመው ሪቻርድ ካል ከዚያ በኋላም በፓስተን ቤት ሥራ ላይ መገኘቱ ነው፤ ደኅና ምስለኔ በቀላሉ አይገኝም።

ኬስተር የተመለሰው መስፍኑ በ1476 ዓ.ም. በድንገት ሲሞት ነው። በ1479 ዓ.ም. ግን ወረርሽኝ ገባና ሰር ጆን በለንደን ሞተ፤ በዚያው ዓመት ሌላው ልጇ ዎልተርና አማቷ አግነስም አረፉ። ማርጋሬት በየካቲት 1482 ዓ.ም. ኑዛዜዋን አጻፈች። በየርስቷ ለሚኖሩ ድኾች ጭሰኞች ገንዘብ ተናዘዘች፤ ለማርጀሪ የበኵር ልጅ ለጆን ካልም 20 ፓውንድ ተወችለት። ሬሳዋ ከባሏ ጋር በብሮምሆልም ሳይሆን በአባቶቿ ቤተ ክርስቲያን በሞትቢ እንዲያርፍ አዘዘች። በመቃብሯም ድንጋይ በአራቱ ማዕዘን የጋሻ ምልክት እንዲቀረጽ ፈለገች፤ በአንዱ የባሏና የእርሷ፣ በሁለተኛው የአባቷና የእናቷ ወገን፣ በቀሩት ደግሞ ከሞትቢ ጋር የተጋቡ የቀድሞ ታላላቅ ቤቶች ምልክት እንዲሆን። በመካከሉ ግን የሞትቢ ምልክት ብቻውን እንዲቀረጽ አለች። የማንም ንጉሥ ዐዋጅ ያላስፈለገው ሐረግ የእርሷው ነበረ። በኅዳር ወር 1484 ዓ.ም. ዐረፈች።

የፓስተን ቤት በ1679 ዓ.ም. የኤርል ማዕርግ እስከ ማግኘት ደረሰ፤ በ1732 ዓ.ም. ግን የመጨረሻው ኤርል ባለዕዳ ሆኖ ያለ ወንድ ወራሽ ስለ ሞተ ማዕርጉ ተቋረጠ። ወረቀቶቹ ተሸጠው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ቈዩና በ1787 ዓ.ም. ጆን ፌን የተባለ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥራዞች አሳተመ። አሁን አብዛኞቹ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ታሪክ ጸሐፊዎችም ስለ ክሌመንት ሲጽፉ ከንጉሡ ዐዋጅ ይልቅ ወደዚያ ወደ ጠላቱ ወረቀት ያዘነብላሉ፤ የሞፈሩን፣ የወፍጮይቱንና ኮርቻ የሌለውን ፈረስ ነገር የሚያስተባብል ማስረጃ እስከ ዛሬ ያቀረበ ሰው የለም።