ጉድጓዱን ያላነሱት ወንድም



ሐረሪዎች አሱም በሪ በሚሉት በፈላና በር በኩል ወደ ጁገል ስንገባ የአብዛኞቻችን ሐሳብ ፈተናና አሳይመንት ላይ ነው። በሩ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ካሳነጹት ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። ከዚህች ከተማ ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ይወርዱ የነበሩ የሲራራ ነጋዴዎች ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልጫኑም፤ ሰውም ነድተው ሸጠዋል። ሱረቱ ዩሱፍን ሐረር ላይ ሆኖ የሚቀራ ሰው ይህን ቢያስታውስ አይከፋም። ነቢዩላህ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) ገና ልጅ ሳሉ ግብፅ የደረሱት መንገደኛ ነጋዴዎች ወስደዋቸው፣ በጥቂት ዲርሃም ተሸጠው ነውና።

ጉድጓድ ውስጥ የጣሏቸው ባዕዳን አልነበሩም። በአባታቸው በያዕቁብ (ዐ.ሰ) ፍቅር የቀኑባቸው የገዛ ወንድሞቻቸው ናቸው፤ የሐሰት ደም የተቀባ ቀሚስ ይዘው ለአባትየው እያለቀሱ ያቀረቡትም እነርሱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ የዐዚዝ ቤት፣ የተዘጉት በሮች፣ ከኋላ የተቀደደው ቀሚስ፣ እስር። ወደ ወንጀሉ ከመግባት እስሩን መርጠው ለጌታቸው ዱዓ አድርገዋል። ቀሚሱ ንጽሕናቸውን መስክሮ ሳለ መታሰራቸው ግን ያንገበግባል። እስር ቤት ሕልሙን የፈቱለት ሰው እንኳ ነፃ ሲወጣ ረሳቸውና ለዓመታት እዚያው ቆዩ።

እኛን ቆም ያደረገን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ንጉሡ ሕልሙ ተፈትቶለት ሲያስጠራቸው ወዲያው አልወጡም። መልእክተኛውን መልሰው፣ እጆቻቸውን የቆረጡት ሴቶች ጉዳይ እንዲጣራ ጠየቁ። ይቅር ባይ ሰው ስሙ ሲጠፋም ዝም የሚል ይመስለናል፤ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ዝም አላሉም። ሆኖም የዐዚዝን ሚስት ለይተው አላነሷትም። እውነቱን ያወጣችው ራሷ ናት።

ድርቅ በመጣ ጊዜ ወንድሞቻቸው እህል ፍለጋ ግብፅ ወረዱ። እርሳቸው ሲያውቋቸው እነርሱ አላወቋቸውም። በታናሽየው ጓዝ ውስጥ የንጉሡ መስፈሪያ ሲገኝ፣ ከእርሱ በፊት ወንድሙም ሰርቆ ነበር ብለው የጠፋውን ዩሱፍን አሙት፤ የሚያሙትም ፊቱ ቆመው ነበር። ጎተራውም ሥልጣኑም በእጃቸው ሆኖ፣ ነገሩን በልባቸው ያዙት። እኛ ዶርም ውስጥ ስለ እኛ የተወራውን ሰምተን እስከ ዒሻ እንኳ መታገሥ ያቅተናል።

ማንነታቸውን የገለጹ ዕለትም ያ ቀን የወቀሳ ቀን እንዳልሆነ ነግረው፣ አላህ እንዲምራቸው ዱዓ አደረጉላቸው። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ ስትከፈት፣ ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላሳደዷቸው ቁረይሾች ይህንኑ የዩሱፍን ምሕረት እንዳሳዩ የሲራ መጻሕፍት ይተርካሉ።

በመጨረሻ ወላጆቻቸውን ዙፋን ላይ አስቀምጠው የአላህን ውለታ ቆጠሩ። ከእስር ቤት እንዳወጣቸው አነሱ። ቤተሰባቸውን ከገጠር እንዳመጣላቸው አነሱ። የሆነውንም ሁሉ ሸይጧን በእርሳቸውና በወንድሞቻቸው መካከል ገብቶ ያበላሸው ነገር አድርገው ተናገሩ። ስለ ጉድጓዱ ግን አንድም ቃል አልወጣቸውም፤ ወንድሞቻቸው እዚያው ነበሩ።