አን ዋንግና የማኅደረ ትውስታ ቀለበት

በዛሬው ጊዜ በኮምፒዩተር ጥገና ሙያ የተሠማራ ሰው፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ የማኅደረ ትውስታ ቺፕ ከቦርዱ ነቅሎ ዋጋው አነስተኛ በሆነ የማንበቢያና የመጻፊያ መሣሪያ ላይ ይሰካና በውስጡ ያለውን ወደ ኮምፒዩተሩ ይገለብጣል። የሙያው ልማድ የታወቀ ነው፤ አስቀድሞ ማንበብ፣ ቅጂውን በደኅና ቦታ ማኖር፣ ከዚያ በኋላ መደምሰስና እንደ አዲስ መጻፍ ነው። እንዲህ ያለው ቺፕ መቶ ጊዜ ቢነበብ በውስጡ ያለው አይጠፋም። የኮምፒዩተር ሙያ ገና ዳዴ ይል በነበረበት ዘመን ግን፣ ተመራማሪዎች ተስፋ በጣሉበት መግነጢሳዊ ቀለበት ላይ የተጻፈውን ማንበብ ማለት ማጥፋት ማለት ነበር። ከዚህ አጣብቂኝ የመውጫውን መንገድ ያገኘው በቻይና የተወለደው ዶክተር አን ዋንግ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አን ዋንግ በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1920 በሻንግሃይ ከተማ ተወለደ። አባቱ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ ኩንሻን ከተማ በተዛወረ ጊዜ፣ በዚያ የነበረው ትምህርት ቤት የሚጀምረው ከሦስተኛ ክፍል ስለ ነበረ፣ የስድስት ዓመቱ ሕፃን በዕድሜ ከሚበልጡት ልጆች ጋር ለመማር ተገደደ። በ1940 በሻንግሃይ ከሚገኘው ከቺያኦ ቱንግ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቀ። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበርና፣ ወደ ጉዊሊን ሄዶ ከየቦታው በተለቃቀመ ዕቃ ለቻይና ጦር የሬዲዮ ማሠራጫ ሲሠራ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት አባቱን፣ እናቱንና ታላቅ እኅቱን በሞት አጣ።

በ1945 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1948 የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። በዚያው ዓመት በፕሮፌሰር ሃዋርድ ኤይከን በሚመራው የዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ ሲቀጠር፣ ፕሮፌሰሩ አንድ ከባድ ጥያቄ አቀረቡለት። ይኸውም መረጃን ያለ አንዳች የሚንቀሳቀስ አካል፣ በመግነጢስ ኃይል ብቻ ለመጻፍና ለማንበብ የሚቻልበትን ዘዴ መፈለግ ነበር።

የጥያቄውን ክብደት ለመረዳት የቀለበቱን ጠባይ ማወቅ ያሻል። ትንሽ መግነጢሳዊ ቀለበት በመካከሏ በሚያልፈው ሽቦ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲላክ፣ እንደ ጅረቱ አቅጣጫ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ትማገነጣለች፤ ጅረቱ ቢቋረጥም የያዘችውን አቅጣጫ አትለቅም። አንደኛው አቅጣጫ አንድ፣ ሁለተኛው ዜሮ ተብሎ ይቆጠራል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው በንባብ ጊዜ ነው። ቀለበቷ ምን እንደ ያዘች ለማወቅ ወደ ዜሮ የሚገፋ ጅረት ይላካል፤ አንድ ይዛ ከነበረ አቅጣጫዋን ስትለውጥ በሌላ ሽቦ ላይ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይታያል፤ ዜሮ ይዛ ከነበረ ግን ይህ ነው የሚባል ምት አይታይም። መልሱ ተገኘ ማለት ነው፤ ነገር ግን ከንባቡ በኋላ ቀለበቷ በማናቸውም ሁኔታ ዜሮ ሆናለች። ዕቃው ምን እንደ ነበረ የሚታወቀው ከተሰበረ በኋላ ነው እንደ ማለት ነው።

ዋንግም እንደ ሌሎቹ ሳይሰብሩ የማንበቢያ ብልሃት ሲያስስ ጥቂት ሳምንታት አሳለፈ። አንድ ቀን በዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲመላለስ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ መሆኑ ታየው። መረጃው ከቀለበቷ ቢጠፋም ከመሣሪያው እጅ አልወጣም፤ ስለዚህ የተነበበውን ወዲያውኑ መልሶ መጻፍ ይቻላል። የጅረቱ ፍጥነት እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ በመጻፉ የሚባክነው ጊዜ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። መፍትሔው ከተነገረ በኋላ ለሰሚው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ቀላልነቱ ነው ከብዙዎች የሰወረው።

በ1949 ኦክቶበር 21 ቀን ለፈጠራው የፓተንት ማመልከቻ አቀረበ። ሃርቫርድ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለውን መብት ለፈጣሪው ይተው ነበር። ከባልደረባው ከዌይ ዶንግ ዉ ጋር የጻፈው ጥናትም በ1950 ታተመ። እዚህ ላይ ለእውነት መመስከር ይገባል። የዋንግ ቀለበቶች መረጃውን የሚያስተላልፉት ተራ በተራ፣ አንዷ ለሌላዋ እያቀበለች ነበር። ቀለበቶቹን በረድፍና በዐምድ እንደ መረብ አሰልፎ የተፈለገችውን አንዲት ቀለበት በቀጥታ ለመጥራት የሚያስችለውን ሥርዐት የሠራው፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የነበረው ጄይ ፎሬስተር ነው። የፎሬስተር መረብ በ1953 ዊርልዊንድ በተባለው ኮምፒዩተር ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ። አንብቦ መልሶ የመጻፉ ዘዴ ለመረቡም አስፈላጊ ስለ ነበር፣ ሁለቱን ፈጠራዎች በገበያው ላይ ነጣጥሎ ማየት አስቸጋሪ ሆነ።

ዋንግ በ1951 ከሃርቫርድ ወጥቶ፣ በስድስት መቶ ዶላር ቁጠባ በቦስተን ከተማ በአንዲት ጠባብ ክፍል ዋንግ ላቦራቶሪስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸቀጡ አንዱ በአራት ዶላር የሚሸጥ ቀለበት ነበር። ፓተንቱ በ1955 ከጸደቀለት በኋላ፣ በ1956 አይ ቢ ኤም ኩባንያ በ500 ሺህ ዶላር ገዛው፤ ነገር ግን ከዚሁ ላይ 100 ሺህ ዶላር በመያዣነት ቀረ። ፍሬድሪክ ቪሄ የተባለ የሎስ አንጀለስ ሰው ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ማመልከቻ አቅርቦ ኖሮ፣ በተነሣው ክርክር አንደኛውን አንቀጽ ስለ ረታ፣ በመያዣ የቀረው ገንዘብ ለዋንግ ሳይከፈለው ቀረ። የቪሄን መብት የገዛው አይ ቢ ኤም ራሱ መሆኑን ዋንግ የተረዳው ቆይቶ ነው፤ በዚህም የተሰማውን ጥርጣሬና ቅሬታ በ1986 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ አስፍሮታል። ይኸው ኩባንያ በ1964 ለፎሬስተር ፓተንት ለኢንስቲትዩቱ 13 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። የገንዘቡን ልዩነት ያየ የዋንግን ምሬት መረዳት አያዳግተውም።

ከዚያ በኋላ የድርጅቱ ታሪክ የፈጣን ዕድገት ታሪክ ነው። በ1965 ሎሲ የተባለው የሒሳብ መሣሪያ፣ በ1976 ደግሞ ስክሪን ያለው የጽሕፈት ማቀነባበሪያ ወጣ፤ በ1980ዎቹ የሠራተኞቹ ቁጥር ከሠላሳ ሺህ በላይ ደረሰ። በዋና መሥሪያ ቤቱ በሎዌል ከተማ የቆሙት ሕንፃዎች 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጁ። ይሁን እንጂ ዋንግ የድርጅቱን ልጓም ከቤተሰቡ እጅ ማውጣት አልወደደም። በ1986 ልጁን ፍሬድን ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመ፤ የግል ኮምፒዩተር ገበያውን በወረረበት በዚያ ሰዓት ኪሳራው በመበርታቱ፣ በ1989 በካንሰር ሕመም ተይዞ ሳለ ልጁን ከሥልጣን ያወረደው ራሱ አባቱ ነበር። ለአንድ አባት ከዚህ የከፋ ውሳኔ መኖሩ ያጠራጥራል።

ቀለበቶቹም ዘመናቸው አልፎ ነበር። ኢንቴል በ1970 ለገበያ ያቀረበው 1103 የተባለው ቺፕና መሰሎቹ ተኳቸው። በዛሬዎቹ የዚህ ዓይነት ቺፖች መረጃው የሚቀመጠው በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቋት ውስጥ ሲሆን፣ ቋቱ ሲነበብ ይዘቱ ይደፈርሳል፤ ስለዚህ ዛሬም ኮምፒዩተሩ በሠራ ቁጥር የተነበበው ሁሉ ወዲያው ተመልሶ ይጻፋል።

አን ዋንግ በማርች 24 ቀን 1990 በሰባ ዓመቱ ዐረፈ። ድርጅቱ በ1992 ከአበዳሪዎቹ ይጠበቅ ዘንድ ለፍርድ ቤት አመለከተ። የሎዌል ሕንፃዎች በ1994 በሐራጅ ሲሸጡ ያወጡት ዋጋ 525 ሺህ ዶላር ነበር።