ማሞ ወልዴ፦ ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን የ12 ዓመት መንገድ

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ማራቶን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወርቅ የወሰደችበት ዘመን ሲወሳ አስቀድሞ የሚነሳው የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም ነው። ሮምና ቶኪዮ የእርሱ ናቸውና ይገባዋል። ሦስተኛውን ወርቅ ከሜክሲኮ ያመጣው ሻምበል ማሞ ወልዴ ግን በዚያ ታላቅ ስም ጥላ ሥር ሆኖ ኖሯል። የሁለቱ ጀግኖች መንገድም አንድ አይደለም። አበበ ዓለም ያወቀው በመጀመሪያው የኦሊምፒክ ውድድሩ በማራቶን ሲያሸንፍ ነው። ማሞ ከአጭሩ ርቀት ተነስቶ፣ ወድቆና ተመልሶ፣ መቼ ወደ ከባዱ ውድድር መሸጋገር እንዳለበት ሲመዝን ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው እዚያ የደረሰው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ማሞ ሰኔ 5 ቀን 1924 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ድሬ ጅሌ በተባለች መንደር ከኦሮሞ ቤተሰብ ተወለደ። ልጅነቱን በዚያው በገጠሩ ወግ አሳለፈ፤ ፊደልም የቆጠረው ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ፣ ትምህርቱንም በዚያው በውትድርናው ውስጥ ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ወደ ኮሪያ ከዘመቱት የኢትዮጵያ ወታደሮች ጋር ሄዶ ሁለት ዓመት አገልግሎ ተመለሰ። በዚያ ዘመን ክብር ዘበኛ የወታደር ቤት ብቻ አልነበረም። ስፖርት የሚዘወተርበት፣ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሯጮችን የሚያሠለጥንበት፣ ለአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎች መፍለቂያ የሆነ ሥፍራ ነበር።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በኅዳር 1949 በሜልበርን ነው። የ24 ዓመቱ ማሞም ከተላኩት አንዱ ነበረ። የሮጠው ማራቶን አልነበረም፤ 800 ሜትር፣ 1,500 ሜትርና በ4 ጊዜ 400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነበር። በግል በተወዳደረባቸው በሁለቱም ርቀቶች ከማጣሪያው አላለፈም። ለአንድ ወጣት ወታደር ከዓለም ፈጣኖች ጋር ቆሞ መሸነፍ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን የት ቦታ እንደሌለው በግልጽ አሳየው። የማሞ ጉልበት ፍጥነት አልነበረም፣ ጽናት ነበር። ስለዚህ ርቀቱን ማስረዘም ነበረበት። ጥያቄው እስከ ምን ድረስና መቼ የሚለው ብቻ ነበር።

ይህ ጥያቄ የሯጭ ብቻ አይደለም። በካርታ ጨዋታ ገንዘብ ከሚያሲዙ ሰዎች መካከል ልምድ ያለው ተጫዋች አንድ ምሽት ስለቀናው ብቻ በማግሥቱ ከፍ ያለ ገንዘብ ወደሚያዝበት ጠረጴዛ አይሄድም። ኪሱ ደጋግሞ መሸነፍን የሚችል መሆኑን ያሰላል፤ ሄዶ ከተሸነፈም ሳያፍር ወደ ትንሹ ጠረጴዛ ይመለሳል። የአርሲና የስምጥ ሸለቆ ገበሬም ቢሆን አዲስ የስንዴ ዘር ሲመጣለት ማሳውን በሙሉ በአንድ ክረምት አይሰጠውም፤ በአንድ ጥግ ይዘራና ዝናቡም ዋጉም እንዴት እንደሚያደርገው ያያል። ለሯጭ ኪሱም ማሳውም ሰውነቱ ነው። 800 ሜትር ተሸንፎ በሳምንቱ ደግሞ መሮጥ ይቻላል። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ግን ከሰውነት የሚወስደውን ለመመለስ ወራት ይፈልጋል፤ ያለጊዜው የገባበት ሰው ከዚያ በኋላ በሚያውቀው ርቀትም ላይጠቅም ይችላል።

ማሞ ቀጣዩን ዕድሉን ያጣው በሜዳ ላይ አይደለም። በ1952 የሮም ኦሊምፒክ ሲደርስ ከቡድኑ ጋር አልሄደም። እርሱ ራሱ በኋላ ዘመን ሲያስረዳ፣ በዚያው ዓመት ወደ ኮንጎ ለሚዘምተው የሰላም አስከባሪ ጦር በመፈለጉና ለኦሊምፒኩም በመታሰቡ መካከል ተይዞ ከሁለቱም ሳይሆን መቅረቱን ተናግሯል። በዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ አገሩ አዲሱን ዓመት ለመቀበል ችቦ በምታበራበት ምሽት፣ የክብር ዘበኛ ባልደረባው አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮም ላይ አሸነፈ። ከዚያች ምሽት በኋላ በኢትዮጵያ ማራቶን መሮጥ ማለት ከአበበ ጋር መነጻጸር ማለት ሆነ።

ምናልባትም ማሞ ለጥቂት ዓመታት በ10,000 ሜትርና በአገር አቋራጭ ላይ መቆየቱ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም። በስፔን ባስክ አገር በኤልጎይባር ከተማ በሚካሄደው የአገር አቋራጭ ውድድር ደጋግሞ አሸነፈ። ጭቃ ላይ፣ በብርድ፣ ከአውሮፓ ጠንካራ ሯጮች ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ መሮጥን የተማረው እንዲህ ባሉ ውድድሮች ነው።

ቶኪዮ ላይ፣ በጥቅምት 1957፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሞከረ። በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። በዚያ ውድድር ማንም ያልጠበቀው አሜሪካዊው ቢሊ ሚልስ አንደኛ፣ ቱኒዚያዊው መሐመድ ጋሙዲ ሁለተኛ፣ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ሦስተኛ ሆነዋል። ማሞ ከክላርክ በኋላ የገባው በ6 ሰከንድ ብቻ ነው። ከሳምንት በኋላ ማራቶኑ ተጀመረ። አበበ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አዲስ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ ሲያሸንፍ፣ ማሞ ሳይጨርስ አቋረጠ።

በዚያን ቀን የማሞን ውጤት ብቻ ያየ ሰው ይህ ሰው ለማራቶን አልተፈጠረም ሊል ይችል ነበር። እኔ ግን የሕይወቱ መታጠፊያ ከሜክሲኮው ወርቅ ይልቅ ከቶኪዮ በኋላ የመጡት አራት ዓመታት ይመስሉኛል። ዕድሜው 32 ደርሷል። የ10,000 ሜትሩ አራተኛነት ከሜዳሊያ በጥቂት ሰከንድ የራቀ መሆኑን ነግሮታል፤ የማራቶኑ ማቋረጥ ደግሞ ገና አለመድረሱን። ማሞ ግን በአንድ መጥፎ ቀን ማራቶንን እርም አላለም፤ እልህ ይዞትም የሚያውቀውን ርቀት ጥሎ አልሄደም። ወደ 10,000 ሜትሩና ወደ አገር አቋራጩ ተመለሰ፣ ኤልጎይባርንም እንደገና አሸነፈ፣ የእግሩን ስንቅ አጠራቀመ።

ከዚያ ሜክሲኮ ሲቲ መጣች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከላንጋኖ ሐይቅ ዳርቻ ተነስቶ ወደ አሰላ የወጣ ሰው ልዩነቱን በራሱ ትንፋሽ ያውቀዋል፤ የሐይቁ ዳር 1,600 ሜትር እንኳ የማይሞላ ሲሆን አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። በቆላ አገር ያደጉ የዓለም ሯጮች በሜክሲኮ ስስ አየር ተቸገሩ። ክላርክ የ10,000 ሜትሩን ስድስተኛ ሆኖ እንደጨረሰ ራሱን ስቶ ወደቀ። ደገኞቹ ኢትዮጵያውያንና ኬንያውያን ግን የለመዱትን አየር ነበር የሚተነፍሱት። ጥቅምት 3 ቀን 1961 በተካሄደው የ10,000 ሜትር ውድድር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ማሞን አንድ ሰከንድ እንኳ ባልሞላ ልዩነት ቀደመው። ማሞ በ36 ዓመቱ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ፣ ብር፣ አንገቱ ላይ አጠለቀ።

ብሩን ይዞ ሊያርፍ ይችል ነበር። ነገር ግን ጥቅምት 10 ቀን ከቀትር በኋላ በማራቶኑ መነሻ መስመር ላይ ቆመ። ከአጠገቡ አበበ ነበር፤ ሦስተኛ ወርቅ የሚጠበቅበት፣ እግሩ ግን የታመመበት አበበ። ወደ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ አበበ መቀጠል እንደማይችል ተረዳ። ከማቋረጡ በፊትም ማሞን ጠርቶ እርሱ እንደማይጨርስ፣ ድሉ ከዚህ በኋላ የማሞ ኃላፊነት መሆኑን ነገረው። በጦር ሠራዊት ሥርዓት ላደገ ሰው ይህ የጓደኛ ምክር ብቻ አልነበረም፤ ከአለቃ የመጣ ትእዛዝም ነበር። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ማሞ ማራቶን የሚሮጠው የሌላ ሰው ረዳት ሆኖ ነበር ለማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ጨዋታው በሙሉ በእርሱ እጅ ላይ ወደቀ።

ቴሙም በዚያው ውድድር ነበረ፤ እንደ ማሞ ሁሉ የ10,000 ሜትር ውድድር በእግሩ ላይ እያለ። እስከ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፊት ሆኖ ተጋፋ፣ ከዚያ ግን አቅሙ ከዳው፣ 19ኛ ሆኖ ጨረሰ። ማሞ እርምጃውን ሳይለውጥ ብቻውን ወጣ። በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ስታዲየሙ ውስጥ ገብቶ ክሩን በጠሰ። ሁለተኛው ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራ ከ3 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደረሰ፤ ሦስተኛው የኒው ዚላንዱ ማይክ ራያን ነበር። ታንዛኒያዊው ጆን ስቴፈን አክዋሪ በውድድሩ ላይ ወድቆ የቆሰለ እግሩን እየጎተተ፣ ከማሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ የገባውም በዚሁ ቀን ነው። የዓለም ሰው ያንን ምሽት በአብዛኛው የሚያስታውሰው በአክዋሪ መሆኑ ለማሞ ሌላው ጥላ ነው።

በሳምንት ልዩነት 10,000 ሜትር ሮጦ ማራቶን መጨመር ቶኪዮ ላይም ያደረገው ነገር ነው። ያኔ አቋረጠ፣ ሜክሲኮ ላይ አሸነፈ። የከፍታው ነገር እንደረዳው አይካድም። ከፍታው ግን ቴሙንም መርዳት ነበረበት፤ በመጨረሻዎቹ 12 ኪሎ ሜትሮች ሁለቱን የለየው የአየሩ መሳሳት አይደለም።

ከአራት ዓመት በኋላ በሙኒክ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1964፣ እንደ ሮም ሁሉ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የ40 ዓመቱ ማሞ በድጋሚ ማራቶን ሮጦ የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርና ቤልጂየማዊው ካረል ሊስሞንት ቀደሙት። የገባበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነው፤ ሜክሲኮ ላይ ካሸነፈበት ከ5 ደቂቃ በላይ፣ አበበ ሮም ላይ ወርቅ ካገኘበትም በጥቂት ሰከንዶች ይፈጥናል። በሁለት ተከታታይ ኦሊምፒኮች የማራቶን ሜዳሊያ በማግኘትም ከአበበ ቀጥሎ ሁለተኛው ሰው ሆነ። በመኪና አደጋ እግሮቹ የማይንቀሳቀሱት አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ሙኒክ ተገኝቶ ነበር። በተከታዩ ጥር ማሞ ሌጎስ ላይ በመላው አፍሪካ ጨዋታዎች የማራቶን ወርቅ ወሰደ፤ በዚያው ዓመት ካለቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አበበ አረፈ።

የቀረው ዘመኑ ከባድ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ከተፈጸመ የአንድ ታዳጊ ግድያ ጋር በተያያዘ ተከስሶ ታሰረ። በቦታው እንደነበር አልካደም፤ በፈቃዱ አለመሳተፉን ግን እስከ መጨረሻው ተናግሯል። ፍርድ ሳያገኝ ዘጠኝ ዓመት ያህል በእስር ቆየ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም ጉዳዩ እልባት እንዲያገኝ ጥረት አድርጓል። ስለ ሟቹ ልጅም ሆነ ስለ ተከሳሹ፣ ይህን ያህል የዘገየ ፍትሕ ለማንኛቸውም አልጠቀመም።

ማሞ በእስር ላይ ሳለ፣ መስከረም 21 ቀን 1993፣ የኢትያው ልጅ ገዛኸኝ አበራ በሲድኒ ኦሊምፒክ ማራቶን አንደኛ ወጣ። ከሜክሲኮ በኋላ የወንዶች የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ 32 ዓመት ፈጅቷል። በሚያዝያ 1994 ደግሞ በዚያው በሲድኒ የ10,000 ሜትር ወርቁን ያስጠበቀው የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ በትራክ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ካጠራቀመ በኋላ፣ ለንደን ላይ ማራቶን ሮጦ ሦስተኛ ወጣ።

በዚያው ዓመት ማሞ የስድስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ታስሮ ስለነበር ተለቀቀ። ወራት ሳይቆይ ግንቦት 18 ቀን 1994 በጉበት ካንሰር አረፈ። 70 ዓመት ሊሞላው 17 ቀን ቀርቶት ነበር።