በአሽቀሎን የተቀበረ ወርቅ የፈለገችው ሴት

ጦርነት፣ የተቀበረ ወርቅ፣ የጠንቋይ ትንቢት፣ በፈረስ በረሃ የምታቋርጥ የባላባት ልጅ። ነገሩ ሁሉ የድሮ የጀብዱ ልብ ወለድ ይመስላል። ነገር ግን አንዲት ሴት በእውነት ኖራዋለች። ከሕይወቷም አንዱ ትልቅ ምዕራፍ የተፈጸመው እዚሁ አሽቀሎን፣ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ በሆነው የባሕር ዳር ፍርስራሽ ላይ ነው። ሴትዮዋ ሌዲ ሄስተር ስታንሆፕ ትባላለች።

ሄስተር እ.ኤ.አ. በ1776 በእንግሊዝ አገር ከትልቅ ቤት ተወለደች። አባቷ መኳንንት፣ የእናቷ ወንድም ደግሞ የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልያም ፒት ነበር። ፒት ሚስት ስላልነበረው ከ1803 ጀምሮ ቤቱን የምታስተዳድረውና እንግዳ የምትቀበለው እሷ ሆነች። ጊዜው እንግሊዝ ከናፖሊዮን ጋር የምትዋጋበት ስለነበር የጦር አዛዡም ሚኒስትሩም በእሷ ፊት ይገባ ይወጣ ነበር። በ1806 አጎቷ ሲሞት መንግሥት በዓመት 1,200 ፓውንድ ጡረታ ቆረጠላት። በ1809 ደግሞ ወንድሟ ቻርልስና የቅርብ ወዳጇ ጄኔራል ጆን ሙር ስፔን ውስጥ፣ በኮሩኛ ጦርነት፣ ሁለቱም ሞቱ። ሐዘኑ ከበዳት። በ1810 ሐኪሟን ቻርልስ ሜርዮንን አስከትላ ከአገሯ ወጣች። ዳግመኛም አልተመለሰችም።

ወደ ግብፅ ስትጓዝ መርከቧ ሮድስ ደሴት አጠገብ ተሰበረች። ነፍሷ ብትተርፍም ልብሷ በሙሉ ባሕር ገባ። የቱርክ ወንዶች ልብስ አግኝታ ለበሰች፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ የወንድ ልብስ አላወለቀችም። ደማስቆ የገባችው በቀን ብርሃን፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ በፈረስ ላይ ሆና ነው። በ1813 ከቤዱዊን አለቆች ጋር በረሃውን አቋርጣ እስከ ጥንታዊቷ ከተማ ፓልሚራ ደረሰች። በዚያው ዓመት ወረርሽኝ ይዟት ለጥቂት ተረፈች።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያስደፈራት ድፍረቷ ብቻ አልነበረም። ሄስተር በትንቢት ታምን ነበር። ገና ለንደን ሳለች፣ ነቢይ ነኝ ይል የነበረና በእብደት ተፈርዶበት የታሰረ ሪቻርድ ብራዘርስ የሚባል ሰው፣ ወደ ኢየሩሳሌም እንደምትሄድና የተመረጠውን ሕዝብ እንደምትመራ ነግሯት ነበር ይባላል። የሰውን ጠባይ ከኮከቡ ታነባለች፤ መናፍስትና ድግምት አሉ ብላ አጥብቃ ታምናለች። በአገር ቤት ሰው የሚታመምበትን የሚያገባበትን ሁሉ ከአውደ ነገሥት እንደሚያስቆጥረው፣ እሷም ያለ ኮከብ ነገር አትጀምርም ነበር።

እንዲህ ባለ ልብ ላይ ሳለች አንድ የቆየ ጽሑፍ እጇ ገባ። በጣልያንኛ የተጻፈና ከገዳም ወጣ የተባለ ነው። በአሽቀሎን ፍርስራሽ ውስጥ፣ አንድ መስጊድ ከነበረበት ሥር፣ ሦስት ሚሊዮን የወርቅ ሳንቲም ተቀብሯል ይላል። አገሩን ይገዛ የነበረው የኦቶማን መንግሥት ነበርና ሄስተር ወደ ቁስጥንጥንያ ጻፈች። ወርቁ ሁሉ ለሱልጣኑ ይሁን፣ እኔ ክብሩ ይበቃኛል አለች። ሱልጣኑ ፈቀደ፤ የራሱንም ሹም ላከላት።

በ1815 ጸደይ ላይ ሄስተር አል ጁራ በምትባለው መንደር አጠገብ ድንኳን አስተከለች። የጃፋው ገዥ እንዲያግዛት ታዘዘ። ከአካባቢው መንደሮች በየቀኑ ከመቶ በላይ ሰው እየመጣ ቆፈረ። መሠረት ወጣ፣ የእምነበረድ ምሰሶ ወጣ። በአራተኛው ቀን ሁለት ሜትር ያህል ቁመት ያለው የእምነበረድ ሐውልት ተገኘ። አንገቱ የተቆረጠ፣ የጦር ጥሩር የለበሰ ሰው ነው። ሐኪሙ ሜርዮን ተደስቶ ሥዕሉን አነሳው። ወርቅ ባይገኝ እንኳ ይህ አንዱ ለስሟ እንደሚበቃ አስቦ ነበር።

ቁፋሮው ሁለት ሳምንት ያህል ቀጠለ። ወርቅ ግን የለም። ቦታው ቀደም ብሎ በሌላ እጅ ተቆፍሮ ነበር። የአክኮው ገዥ ጀዛር ፓሻ ለግንባታው ከአሽቀሎን ድንጋይ ያስወስድ ስለነበር፣ ብዙዎች ወርቁ ከነበረም እሱ ወስዶታል ብለው አሙት።

ያኔ ሄስተር ሐውልቱ ተሰባብሮ ባሕር እንዲጣል አዘዘች። ሜርዮን ቢለምናትም አልሰማችም። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ከኦቶማን አገር ሐውልት እየጫኑ ይወስዱ ነበር፤ እሷም ለሱልጣኑ ወርቅ ላወጣ ብላ ለአገሯ ቅርስ ልትዘርፍ መጣች እንዳትባል ፈራች። ስሟን ለማዳን ያደረገችው ነው። ነገር ግን ከመሬት ያወጣችው እውነተኛ ሀብት እሱ ብቻ ነበር። ዛሬ ከዚያ የቀረው የሜርዮን ሥዕል ነው። ተመራማሪዎች ግን በዚህ አገር የጽሑፍ ማስረጃ ተከትሎ፣ በፈቃድ፣ በሥርዓት የተቆፈረ የመጀመሪያው ቁፋሮ ብለው ይቆጥሩታል።

ከአሽቀሎን በኋላ ሄስተር ሊባኖስ ተራራ ላይ፣ ሲዶን አጠገብ፣ ጁን በምትባል መንደር ተቀመጠች። በዙሪያዋ አጥር አሳጠረች፣ አትክልት አስተከለች። ሁለት ባዝራዎችም ነበሯት። አንደኛዋ ጀርባዋ ሲፈጠር ጀምሮ እንደ ኮርቻ የጎበጠ ነው። በእሷ ላይ መሲሑ ተቀምጦ ኢየሩሳሌም ይገባል፣ በሁለተኛዋ ላይ እኔ አጠገቡ እሆናለሁ ብላ አመነች። ማንም አይጋልባቸውም፤ ተቀልበው ብቻ ይጠበቁ ነበር።

ይህ ጥበቃ ለቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች እንግዳ አይደለም። በ1862 አባ መሃሪ ሕዝባቸውን ይዘው በእግራቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሥተው፣ ብዙው ሰው ትግራይ ውስጥ በረሃብና በበሽታ አልቋል። ልዩነቱ፣ እነሱ የወጡት አገራቸው ሊገቡ ነው፤ ሄስተር የጠበቀችው ዘውድ ነበር።

በ1831 የግብፁ ኢብራሂም ፓሻ አገሩን ወረረ። በሚቀጥለው ዓመት አክኮ ስትወድቅ፣ ከጦርነቱ የሸሸ ብዙ ሰው ወደ ጁን ጎረፈ። ሄስተር በሯን አልዘጋችም። አበላች፣ አለበሰች፣ ገንዘቧ ሲያልቅ ከአራጣ አበዳሪ ተበደረች። አሳልፈሽ ስጪ ስትባልም እሺ አላለችም። ዕዳው ግን ከፍ እያለ ሄደ። በ1838 የእንግሊዝ መንግሥት ለአበዳሪዎቿ ሲል ጡረታዋን አገደ። እሷም ተቆጥታ የግቢዋን በር በግንብ አስዘጋች።

በሰኔ 1839 አንድም ዘመድ አጠገቧ ሳይኖር ሞተች። ከቤይሩት የእንግሊዝ ቆንስልና አንድ አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ሲደርሱ ቤቱ ባዶ ነበር፤ አገልጋዮቿ ያለውን ሁሉ ወስደዋል። በዚያው ሌሊት በአትክልቱ ውስጥ ቀበሯት። ኢየሩሳሌም መሲሑን ይዘው ሊገቡ የተቀለቡት ባዝራዎችም ዕጣቸው ባዶ ሆነ።

ትንቢቱ አንዱም አልደረሰም፤ ወርቁም አልተገኘም። የሊባኖስ ስደተኞች የበሉት እንጀራ ግን እውነት ነበር። ዛሬ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አሽቀሎን ፓርክ የሚሄዱ ሽማግሌዎች፣ በኋላ ዘመን ሰዎች ቆፍረው ያወጧቸውን የሮማውያን ሐውልቶች ቆመው ያያሉ። ያ አንገት የሌለው ወታደርም ከእነሱ ጋር በቆመ ነበር፤ ስብርባሪው ግን ከፓርኩ በታች ባለው ባሕር ውስጥ ቀርቷል።