ወህሺ ኢብኑ ሐርብ፦ ሁለት ጊዜ የተወረወረ ጦር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ስለ ሐበሻና ኢስላም በተነሳ ቁጥር ሁለት ስሞች ከአፋችን አይጠፉም፤ ንጉሥ ነጃሺና ሙአዚኑ ቢላል (ረ.ዐ)። በሁለቱም እንኮራለን፤ ልንኮራም ይገባል። ሦስተኛውን ሐበሻ ግን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። ወህሺ ኢብኑ ሐርብ (ረ.ዐ) የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ሐምዛን (ረ.ዐ) የገደለ ሰው ነውና ታሪኩ የሚያሳፍረን ይመስላል። በዚህ እትም እሱን የመረጥነው ሆን ብለን ነው። ታሪኩ ዛሬ በጀመዓችን ውስጥ ያለ ነገር ይነካል።

ከመካከላችን በደብረ ወርቅና በዙሪያዋ ያደግን ሁሉ ጉግስን እናውቃለን። በጥምቀት ሰሞን ፈረሰኞች ሜዳ ይወጣሉ፤ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው እየጋለበ ዘንግ ይወረውርበታል፣ የሚሸሸው ዞር ብሎ በጋሻ ይመክታል። እኛም ልጆች ሆነን ከዳር ቆመን ስናጨበጭብ ኖረናል። ዛሬ ጨዋታ ነው፤ ድሮ ግን አባቶች ለጦርነት እጃቸውንና ዓይናቸውን የሚያሠለጥኑበት ነበር።

ሐበሾች በጦር ጥበብ መታወቃቸው ዛሬ የመጣ አይደለም። በሰሒሕ ቡኻሪና በሰሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው፣ በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና በነቢዩ መስጂድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከነቢዩ ጀርባ ሆና እስኪበቃት ድረስ ተመልክታቸዋለች። ዑመር (ረ.ዐ) ሊያስቆማቸው ጠጠር ሲወረውርባቸው፣ ነቢዩ እንዲተዋቸው አዘዙት። ጥበቡ ራሱ ነውር አልነበረበትም ማለት ነው። ጥያቄው ጦሩ ወደ ማን ይወረወራል የሚለው ነው። የወህሺ ሕይወትም በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ይዞራል።

ወህሺ በመካ የጁበይር ኢብኑ ሙጥዒም ባሪያ ነበር። ሀብት አልነበረውም፤ ከኋላው የሚቆምለት ጎሳም አልነበረውም። የነበረው እጁ ነው። በሐበሾች ስልት አጭር ጦር ሲወረውር ዒላማውን የሚስተው ከስንት አንዴ ነበር። ጌታው ይህን ያውቃል። በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ በበድር ጦርነት የጁበይር አጎት ጡዐይማ በሐምዛ እጅ ተገድሎ ነበር። ስለዚህ ቁረይሾች ወደ ኡሑድ ሲዘምቱ ጁበይር ለወህሺ ቃል ገባለት፤ ሐምዛን ከገደለ ነፃ ይወጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በወህሺና በሐምዛ መካከል የነበረ ጠብ በታሪኩ ውስጥ አናገኝም። የአንድ ሰው ነፃነት በሌላ ሰው ደም ተተመነ። ይህን የምናነሳው ወህሺን ንጹሕ ለማድረግ አይደለም፤ ሰው በምን መንገድ ወደ ከባድ ጥፋት እንደሚገባ ለማየት ነው።

በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 625) በኡሑድ ሜዳ ሐምዛ ፊቱ የቆመውን ሁሉ እየጣለ ይዋጋ ነበር። ወህሺ ከውጊያው ራቅ ብሎ፣ ድንጋይ ተከልሎ አደፈጠ። ሐምዛ ከአንድ የመካ ተዋጊ ጋር ተጋጥሞ ከጣለው በኋላ ወደ ወህሺ ቀረበ። ወህሺ ጦሩን በእጁ ነቀነቀው፤ ሚዛኑ ልክ ሲመጣለት ለቀቀው። ጦሩ ከእምብርቱ በታች ገባ። ሐምዛ ወደ እሱ ሊራመድ ሞከረ፤ አልቻለም፣ ወደቀ። ወህሺ ነፍሱ እስክትወጣ ጠብቆ ጦሩን ነቀለና ወደ ሰፈር ተመልሶ ተቀመጠ። ከጦርነቱ ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። መካ ሲመለስም ነፃ ወጣ።

ነፃነቱ ግን ዕረፍት አላመጣለትም። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ መካ ስትከፈት ወደ ጧኢፍ ሸሸ። የጧኢፍ ሰዎችም ሊሰልሙ መልእክተኞቻቸውን ወደ መዲና ሲልኩ ምድር ጠበበችው። ወደ ሻም ልሂድ፣ ወደ የመን ልሂድ እያለ ሲጨነቅ፣ ነቢዩ ወደ ዲናቸው የገባን ሰው እንደማይገድሉ አንድ ሰው ነገረው። ወህሺም መዲና ሄደ፤ ሸሃዳውን ይዞ የገደለው ሰው የወንድም ልጅ ፊት ቆመ።

ነቢዩ ወህሺ እሱ መሆኑን ጠየቁት። ሐምዛን እንዴት እንደገደለው እንዲነግራቸው አዘዙት፤ እሱም ምንም ሳይደብቅ ነገራቸው። እስልምናውን ተቀበሉት፤ ደሙም ተከበረ። ከዚያ ግን የሚችል ከሆነ ፊቱን እንዳያሳያቸው ጠየቁት።

ይህን ቦታ ስናነብ ብዙዎቻችን ልባችን ይከፈላል። ነቢዩ ሊበቀሉት ሥልጣኑ ነበራቸው፤ አልተበቀሉም። ሐዘናቸው ግን አልጠፋም፤ የጠፋ አስመስለውም አላለፉት። ወህሺ በበኩሉ ተውባዬ ተቀባይነት አግኝቷልና ከፊት ልቀመጥ አላለም። ነቢዩ እስኪሞቱ ድረስ ሲያያቸው ከመንገዳቸው ዞር ይል ነበር። ከዲኑ ግን አልወጣም፤ በሩ ተዘጋብኝ ብሎም ወደ መካ ሕይወቱ አልተመለሰም።

ከነቢዩ ሞት በኋላ፣ በአቡበክር (ረ.ዐ) ኸሊፋነት፣ ሙሰይሊማ ነቢይ ነኝ ብሎ በየማማ ብዙ ሠራዊት አሰለፈ። ወህሺ ያንኑ የኡሑድ ጦር አንስቶ ከሙስሊሞች ጋር ዘመተ። በሐምዛ ያደረገውን በሙሰይሊማ ሊክስ ተመኘ። ሙሰይሊማን በፈረሰ ግንብ ክፍተት ቆሞ አየው፤ ጦሩን ወረወረ፤ ደረቱን መትቶ በጀርባው ወጣ። በዚያው ቅጽበት አንድ የአንሷር ሰው ደርሶ በሰይፍ ራሱን መታው። ወህሺ ግዳዩን ለብቻው አልወሰደም፤ ማን እንደገደለው አላህ ያውቃል ብሎ ነው የተወው። በአንድ ጦር ከሰዎች መልካሙንም ክፉውንም እንደገደለ ግን ራሱ ይናገር ነበር።

በመጨረሻ ዘመኑ በሻም፣ በሒምስ ከተማ ኖረ። ቡኻሪ እንደዘገቡት ሁለት ሰዎች የሐምዛን ነገር ከራሱ አፍ ሊሰሙ ሄዱ። አንደኛው ፊቱን በጥምጣሙ ሸፍኖ ነበር፤ የሚታዩት ዓይኖቹና እግሮቹ ብቻ ነበሩ። ሽማግሌው ወህሺ ግን ከእግሮቹ ለየው፤ ገና ሕፃን ሳለ አዝሎት ያየውን እግር አልረሳውም ነበር። የወርዋሪ ዓይን እርጅናም አላደበዘዘውም። ከዚያም ሁሉን ከመጀመሪያው ተረከላቸው፤ ጥፋቱን ሳያሳንስ፣ ራሱንም ሳያጀግን።

እህቶችና ወንድሞች! በጀመዓችን ውስጥ ትናንት ከሶላት ርቆ ዛሬ የተመለሰ ወንድም አለ፤ ሰው በድላ በተውባ የተመለሰች እህት አለች። ስንቶቻችን ነን የትናንት ስማቸውን በዶርም የምናነሳው? የነቢዩ መንገድ ሁለቱንም ወገን ያስተምራል። የተበደለ ሰው ሐዘኑን እንዲደብቅ አይገደድም፤ የተመለሰ ሰው ግን ከደጅ አይመለስም። የተመለሰውም ሰዎች እስኪያቅፉት አይጠብቅ፤ ያጠፋበትን እጅ ለመልካም ያንሳው።

ሐበሾችን ስንቆጥር እንግዲህ ከነጃሺና ከቢላል ቀጥለን ወህሺንም እንቁጠር። እንደነሱ ለመሆን ለሚከብደን ለአብዛኞቻችን፣ የሚቀርበን እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አላህ ሐምዛንም ወህሺንም በእዝነቱ ያሰባስባቸው፤ እኛንም ከእውነተኛ ተመላሾች ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።