አንድ ዕቃ፣ ሁለት ሥራ፦ የሎተሱ ኮሊን ቻፕማን

«ባክ ቱ ዘ ፊውቸር»ን ያየ ሰው በሮቿ እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱትን ያቺን ብርማ መኪና አይረሳትም። ዴሎሪያን ትባላለች። ስሟን ያገኘችው ከአሜሪካዊው ጆን ዴሎሪያን ነው። ሻንሲዋንና ሰስፔንሽኗን ለምርት ያበቃው ግን የእንግሊዙ ሎተስ ነው። የሎተስ መሥራች ደግሞ ኮሊን ቻፕማን ነው። ይቺው መኪና በኋላ የቻፕማንን ስም ፍርድ ቤት ድረስ ወስዳዋለች። ወደዚያ እንመጣለን።

መጀመሪያ ሰውየው ማን እንደነበር እንይ። ቻፕማን ዕድሜውን ሙሉ የተከተለው አንድ ሐሳብ ነበር። መኪና ጎበዝ የሚሆነው ትልቅ ሞተር ስለተጫነበት ሳይሆን ክብደቱ ስለቀነሰ ነው ብሎ ያምናል። ክብደት ለመቀነስ ደግሞ አንድ ዕቃ የሁለት ዕቃ ሥራ መሥራት አለበት። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ የሚወደዱ መኪኖችን ሰጥቶናል። ዋጋም አስከፍሏል፣ ያውም ከባድ ዋጋ።

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከማትሸጥ ኦስቲን የተነሳ

ቻፕማን የተወለደው በ1928 ለንደን ዳርቻ፣ ሪችመንድ ውስጥ ነው። አባቱ መጠጥ ቤት ነበራቸው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተማረው ስለ መኪና አይደለም። የሕንፃና የድልድይ ምህንድስና ነው። ይህን ልብ በሉ። ድልድይ የሚሠራ ሰው ሸክሙ በየትኛው ብረት በኩል እንደሚያልፍ ማስላት ይማራል። ሸክም የማያልፍበት ብረት ለሱ ትርፍ ነው፣ ይወገዳል። ቻፕማን መኪናን ያየው በዚህ ዓይን ነበር።

ተማሪ እያለ ያገለገሉ መኪኖችን እየገዛ ይሸጥ ነበር። በ1947 የእንግሊዝ መንግሥት ለግል መኪና የሚሰጠውን መሠረታዊ የቤንዚን ራሽን ሲያቆም ገበያው ሞተ። እጁ ላይ አንዲት ገዢ ያጣች አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ቀረች። ቦዲዋን አወለቀና በኮምፔንሳቶና በአልሙኒየም እንደ አዲስ ሠራት። የመጀመሪያዋ ሎተስ እሷ ናት። የተሠራችው ደግሞ በፍቅረኛው በሄዝል ዊሊያምስ ወላጆች ቤት ጀርባ በነበረች ትንሽ ጋራዥ ውስጥ ነው።

በ1952 ድርጅቱን ሲያቋቁም መነሻ ካፒታሉ ከሄዝል የተበደረው 25 ፓውንድ ነበር። ሥራውን የጀመሩት አባቱ መጠጥ ቤት ጀርባ በነበረ የድሮ ጋጣ ውስጥ ነው። በ1954 ተጋቡ።

ለስላሳ ሞላ፣ ጠንካራ ሻንሲ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፦ ሰስፔንሽን።

የኦስቲን ሰቨን የፊት እግር ሁለቱን ጎማዎች ያያያዘ አንድ ድርቅ ያለ አክስል ነበር። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውም አብሮት ይዘማል። ቻፕማን ቀደምት መኪኖቹ ላይ አክስሉን መሃል ለመሃል ቆርጦ እያንዳንዱን ግማሽ በማጠፊያ አሰረው። ከዚያ በኋላ የግራው ጎማ ችግር የግራው ብቻ ሆነ። ርካሽ መላ ነበር፣ ግን ሠራ።

በዚያ ዘመን ብዙ የስፖርት መኪና ሠሪዎች መኪና ኩርባ ላይ እንዳይዘም ሞላውን ያጠነክሩ ነበር። የቻፕማን መንገድ ተቃራኒ ነው። ሞላው ለስላሳ ይሁንና ጎማው ብዙ ይውጣ ይውረድ፣ አሞርዛተሩ በደንብ ይቆጣጠረው፣ ሻንሲው ግን ፈጽሞ አይጣመም ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። መኪናን መንገድ ላይ የሚያቆየው ጎማ አስፋልቱን መንካቱ ነው። ሞላው ድርቅ ካለ ጎማው እብጠት በመታ ቁጥር ይነጥራል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም ይዝ መሪም አይሰማም። ሻንሲው ከተጣመመ የጎማዎቹ አቀማመጥ ይዛባል፣ ያኔ የሞላው ጥራት ብቻውን አያድንም።

መኪናቸው ዝቅ ብሎ እንዲያምር ሞላ የሚያስቆርጡ ልጆች ይቺን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነቧት ጥሩ ነው።

በ1957 ዛሬም በስሙ የሚጠራውን የኋላ ሰስፔንሽን አመጣ፤ ቻፕማን ስትራት ይባላል። መጀመሪያ ሎተስ 12 የተባለችው የውድድር መኪና ላይ፣ ቀጥሎ ኤሊት በተባለችው የመንገድ መኪና ላይ ገባ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጎማውን ከላይ ሞላና አሞርዛተር በአንድ ላይ የያዘ ረጅም ምሰሶ ይደግፈዋል። ከታች አንድ ክንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ ይይዘዋል። ወደ ጎን እንዳይወጣስ? ለዚህ ሌላ ብረት አልጨመረም። ከዲፈረንሻሉ ኃይል ወደ ጎማው የምታሻግረው ዘንግ ራሷ ጎማውን እንድትይዝ አደረገ። ዘንጓ ታዞራለችም፣ ትይዛለችም። አንድ ዕቃ፣ ሁለት ሥራ።

የኤላን ተአምር

በ1962 ኤላን መጣች። ቦዲዋ ፋይበር ግላስ ነው። መሃሏ ላይ እንደ አከርካሪ አጥንት የተዘረጋ፣ ከቆርቆሮ ብረት የታጠፈ ሻንሲ አላት። ይህ ሻንሲ መጀመሪያ የታሰበው ሞተሩንና እግሮቹን ለመሞከሪያ ብቻ ነበር ይባላል። ሲሞከር ግን በጣም ጥሩ ሆኖ ተገኘና በዚያው ቀረ።

የመጀመሪያዎቹ ኤላኖች ክብደት ከ700 ኪሎ በታች ነው። እኛ አገር ከተማውን ከሞላችው ቪትዝ እንኳ ትቀላለች ማለት ነው። ሞተሯ 1,558 ሲሲ ብቻ ነው። ኩርባ ላይ ግን ከሷ እጥፍ የሚያወጡ መኪኖች አይደርሱባትም ነበር። ማክላረን ኤፍ ዋንን የነደፈው ጎርደን መሪ የኤላንን መሪ ያህል የሚያወራ መሪ ለራሱ መኪና መስጠት አለመቻሉ እንደሚቆጨው ተናግሯል። የማዝዳ ሰዎችም ኤምኤክስ 5ን ሲሠሩ ኤላንን በቅርበት አጥንተዋል።

እዚህም ላይ የቻፕማን ልማድ አለ። የኤላን የፊት መብራቶች በሞተሩ የአየር መሳብ ኃይል ተነስተው የሚቆሙ ናቸው። ለዚያ የሚሆን ባዶ ታንክ ያስፈልጋል። ታንክ መጨመር ግን ክብደት ነው። ስለዚህ የፊት እግሮቹን የሚሸከመው የሻንሲው ውስጠ ባዶ ብረት ታንክም እንዲሆን ተደረገ። ብልጠት ነው። ግን ያ ብረት ውሃ ገብቶት ሲዝግና ሲበሳ መብራቱም አይነሳም፣ እግሩም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ዋጋው

ውድድር ላይ ቻፕማን ንጉሥ ነበር። የሎተስ 25 በ1962 ሻንሲና ቦዲን አንድ አድርጋ ፎርሙላ ዋንን ቀየረች። ሞላዎቿ ነፋስ እንዳይገትራቸው ቦዲው ውስጥ ተደብቀው ነበር። ጂም ክላርክ በ1963 እና በ1965 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በ1965 ደግሞ ኢንዲያናፖሊስ 500ን አሸነፈ። በቻፕማን ዘመን ሎተስ 7 የቡድን ዋንጫ ወስዷል።

ነገር ግን ትርፍ ብረት የሌለው መኪና ትርፍ ዕድልም የለውም። በ1960 ቤልጂየም፣ ስፓ ላይ በልምምድ ቀን የስተርሊንግ ሞስ ሎተስ የኋላ ጎማ ወልቆ ሁለት እግሮቹ ተሰበሩ። በዚያው ቀን የማይክ ቴይለር ሎተስ የመሪ ዘንግ ተሰበረ፤ የእሽቅድድም ሕይወቱም በዚያ አበቃ።

በ1968 ክላርክ ጀርመን፣ ሆክንሃይም ላይ በሎተስ ሞተ። የዚህ መንስኤ የጎማ መተንፈስ እንደሆነ ነው በብዛት የሚታመነው። ለቻፕማን ግን ክላርክ ተወዳዳሪው ብቻ ሳይሆን የቅርብ ወዳጁ ነበርና ሐዘኑ ከባድ ሆነበት።

በ1969 ባርሴሎና ላይ በረጃጅም እንጨት መሰል ቋሚዎች በቀጥታ ከጎማው መያዣ ጋር የታሰሩት የሎተስ ክንፎች በአንድ ውድድር ላይ ሁለቴ ተሰበሩ። መጀመሪያ የግርሃም ሂል፣ ቀጥሎ የዮኸን ሪንት። ሪንት ተጎድቶ ከተረፈ በኋላ ለቻፕማን ደብዳቤ ጻፈ። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ መኪኖችህ ፈጣን ናቸው፣ ጥቂት ኪሎ ጨምረህ ደካማ ቦታዎቹን አጠንክርልን የሚል።

በቀጣዩ ዓመት የሎተስ 72 መጣች። ጎማው አካባቢ ያለው ክብደት ሲቀንስ ሰስፔንሽኑ ጎማውን በቀላሉ ይቆጣጠራል። ለዚህ ሲባል የፊት ፍሬኖቹ ከጎማው ተነስተው ወደ ቦዲው ገቡ፤ የፍሬኑ ጉልበት በዘንግ በኩል ወደ ጎማው ይሄድ ነበር። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1970 ጣሊያን፣ ሞንዛ ላይ በልምምድ ወቅት የሪንት መኪና ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ወጥታ አጥር መታች። ከዘንጎቹ አንዷ ተሰብራ ተገኘች። አጥሩ በደንብ አለመተከሉና ሪንት የታችኛውን ቀበቶ አለማሰሩም ለሞቱ አስተዋጽኦ አድርገዋል። የሰበሰበውን ነጥብ በቀሩት ውድድሮች ማንም አልደረሰበትም፤ ከሞተ በኋላ ሻምፒዮን የሆነ ብቸኛው የፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪ ሆነ።

ቻፕማን ክብደት ጠላው እንጂ ሰው አልጠላም። ግን ስሌቱ ውስጥ ለሰው የተተወው ትርፍ በጣም ጠባብ ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ከዚያም አላቆመም። በ1978 ከመኪናዋ ሥር የሚያልፈውን አየር ተጠቅማ አስፋልት ላይ የምትጣበቀው የሎተስ 79 ማሪዮ አንድሬቲን ሻምፒዮን አደረገች። የአየሩ ግፊት ከባድ ስለሆነ ግን ሞላዎቹ እንደ ድንጋይ መጠንከር ነበረባቸው፤ ሾፌሩ ይቀጠቀጥ ነበር። የቻፕማን መልስ በ1981 የወጣችው ባለ ሁለት ሻንሲዋ የሎተስ 88 ናት። የውጪው ሻንሲ የአየሩን ግፊት በቀጥታ ለጎማዎቹ ይሰጣል፣ የውስጡ ደግሞ ሾፌሩን በለስላሳ ሞላ ይይዛል። የሚገርመው፣ አንድን ዕቃ ሁለት ሥራ ሲያሠራ የኖረ ሰው እዚህ ላይ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። ተፎካካሪዎች ተቃወሙ፣ መኪናዋም ታገደች።

ሎተስ ወዲያው ሌላ ጀመረ፦ በኮምፒውተርና በዘይት ግፊት የሚታዘዝ ሰስፔንሽን። ቻፕማን ውጤቱን አላየም። ዲሴምበር 16 ቀን 1982 በ54 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ። በ1987 አይርተን ሴና በዚያ ሰስፔንሽን ሞናኮ ላይ አሸነፈ።

ዴሎሪያንስ? መኪናዋን ለማልማት ለሎተስ ሊከፈል የነበረ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፓናማ ውስጥ በተመዘገበ ድርጅት በኩል አልፎ ጠፋ። በፋብሪካው ላይ የእንግሊዝ ሕዝብ ግብርም ገብቶበት ነበር። በ1992 የሎተስ የፋይናንስ ኃላፊ የነበረው ፍሬድ ቡሼል ጥፋቱን አምኖ ታሰረ። ዳኛው ቻፕማን በሕይወት ኖሮ ቢቀርብ ቢያንስ 10 ዓመት ይፈረድበት እንደነበር ተናግረዋል። እሱ ራሱን የሚከላከልበት ዕድል ግን አላገኘም።

ዛሬ ኤላንን የሚያድሱ ሰዎች ምን ያደርጋሉ?

የተበላውን ሻንሲ አውጥተው እንዳይዝግ ዚንክ የተነከረ አዲስ ይገዛሉ። ዘንጎቹን የሚያገናኙት ክብ ጎማዎች ስለሚሰነጣጠቁ ብዙዎች በዘመናዊ መገጣጠሚያ ይተኳቸዋል። የደረቁትን ጎሚኒዎች ይቀይራሉ፣ የሚስተካከል አሞርዛተር ይገጥማሉ። ለመብራቱም ሻንሲውን ትተው ለብቻው ትንሽ ታንክ ወይም የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያስገቡ አሉ። ጥቂት ኪሎ ይጨምራል፣ መኪናዋ ግን ዕድሜ ታገኛለች።

አዋቂዎቹ ለማጠንከር የማይቸኩሉት ለስላሳ ሞላውን ነው። እዚያ ላይ ቻፕማን ልክ ነበር። ጥቂት ኪሎ ጨምርልን ያለው ሪንትም ልክ ነበር። ጎበዝ መካኒክ ዛሬ ኤላን ሲሠራ ሁለቱንም ሰዎች ይሰማል።