ከትምህርት ቤት ሜዳ እስከ አፍሪቃ መድረክ፦ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት

የትምህርት ቤት የኳስ ሜዳ ምን ጥቅም አለው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ታሪክ በቂ መልስ ይሆነዋል።

አቶ ይድነቃቸው በእንቁጣጣሽ ዕለት፥ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በግጥምና በዘፈን ስማቸው የገነነው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። የተማሩትም ከእኛ ከጉለሌ ብዙ በማይርቀው፥ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። በዚያን ዘመን በአዲስ አበባ እግር ኳስን ያዘወትሩ የነበሩት በይበልጥ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ፥ ከኢትዮጵያውያን ፈጥነው ጨዋታውን የለመዱት ተማሪዎች ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በአራዳ ሲቋቋም፥ ገና የ14 ዓመት ልጅ የነበሩት ይድነቃቸው ገቡበት፤ 23 ዓመት ያህልም ተጫወቱለት።

ወዲያው ግን አገራችንን የወረረው ጠላት አዲስ አበባን ያዘ። ተማሪዎችም ከትምህርት ገበታቸው ተበተኑ። ፋሺስቶች በኳስ ሜዳ እንኳ ሳይቀር ነጩን ከጥቁሩ ለይተው ያጫውቱ ነበር። ወጣቱ ይድነቃቸው ይህን በዐይናቸው ስላዩ፥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲታገሉት ኖሩ።

ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እንዲቋቋም ብዙ ደከሙ። በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር የኢትዮጵያውያን፥ የአርመኖች፥ የግሪኮች፥ የኢጣልያኖችና የእንግሊዝ ጦር ቡድኖች ተጋጠሙ። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዝ ጦር ቡድን ነው። ይሁን እንጂ ከሦስት ዓመት በፊት በዘር ተከፍሎ የነበረው ሜዳ ሁሉንም በእኩልነት ማስተናገዱ ከዋንጫው የሚበልጥ ነገር ነበር።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት ኢትዮጵያን ወክለው ተገኙ። ደቡብ አፍሪቃ ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም ስላለች ከመጀመሪያው የአፍሪቃ ዋንጫ ውጭ ሆነች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ስታዲዮም፥ በአቶ ይድነቃቸው አሠልጣኝነት፥ ቡድናችን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪቃን ዋንጫ አገኘ። የቡድኑ አምበል አባቱ ኢጣልያዊ፥ እናቱ ኤርትራዊት የሆነው ሉችያኖ ቫሳሎ ነበር። ፋሺስቶች ለይተውት የነበረው ሕዝብ በአንድ ማልያ ለድል በቃ።

አፍሪቃ በዓለም ዋንጫ የራስዋ ቦታ ስላልተሰጣት አገሮቿ ከ1958ቱ ውድድር ሲቀሩ፥ አቶ ይድነቃቸው ከግንባር ቀደሞቹ ተከራካሪዎች አንዱ ነበሩ። በሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ ቦታው ተሰጠ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪቃ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ። በዘመናቸውም፥ በ1968 ዓ.ም.፥ ደቡብ አፍሪቃ ከዓለም እግር ኳስ ማኅበር ተባረረች።

አቶ ይድነቃቸው በቡሄ ዕለት፥ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። የዘር መድልዎ ከተወገደ በኋላ ደቡብ አፍሪቃ በ2002 ዓ.ም. የዓለምን ዋንጫ ስታስተናግድ ለማየት ግን አልታደሉም።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፥ የትምህርት ቤት ሜዳ የተማሪው ብቻ አይደለም። የነጋዴው፥ የሸማኔውና የወታደሩ ልጅ በአንድ ኳስ የሚገናኙበት፥ ሰፈሩም ከዳር ቆሞ የሚያየው አደባባይ ነው። አዲስ ሕንፃ ባስፈለገ ጊዜ ግን አስቀድሞ ዐይን የሚያርፈው በሜዳው ላይ ነው። ክፍል እንደሚያስፈልገን አይካድም። ነገር ግን ሰው ከሰው እኩል መሆኑን አንድ የ14 ዓመት ልጅ በኳስ ሜዳ ተምሮ ለአህጉር አስተምሯልና፥ ሜዳችንንም እንደ ክፍላችን ልንጠብቀው ይገባል።